ከሉዊስ እስከ ኢስትቦርን በሳይክል፦ ባህሩንም ዳገቱንም በአንድ ቀን እንዴት እንደምትነዱት

ለንደንና ዙሪያዋ ያላችሁ ሳይክል ምትነዱ ልጆች ሁሌ ምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ሪችመንድ ፓርክን ዞረን ዞረን ሰለቸን፣ በአንድ ቀን ደርሰን ምንመለስበት፣ ባህርም ኮረብታም ያለበት መንገድ የት ነው? እኔ ምላችሁ ወደ ኢስት ሰሴክስ ውረዱ ነው። ሳውዝ ዳውንስ ሚባሉት አረንጓዴ ኮረብታዎች ከምዕራብ ሲመጡ ቆይተው ኢስትቦርን አጠገብ ባህሩን ሲያገኙ፣ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ነጭ ሆዳቸው ይታያል። መንገዱ ከሉዊስ ተነስቶ በኒውሄቨን፣ በሲፎርድ፣ በአልፍሪስተን፣ በሊትሊንግተን፣ በበርሊንግ ጋፕና በቢቺ ሄድ አድርጎ ኢስትቦርን ላይ ያልቃል፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ።

ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ካርታ ላይ ሳየው ሁለት ሰዓት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ግን ዳገቶቹ እንደ እንጦጦ ረጅም ባይሆኑም ፊት ለፊት ነው ሚቆሙት፣ አንዱን ጨርሳችሁ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ ቁልቁለቱ ያልቅና ሌላው ይጀምራል። ከነእረፍቱ አምስት ሰዓት ያዙለት።

1. መጀመሪያ ነፋሱን እዩ

ከዚህ ሁሉ ምጽፈው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ንዱ። እኔና የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የሄድን ቀን ከኢስትቦርን ነበር የጀመርነው፣ የነገረን ሰው አልነበረም። ቢቺ ሄድ ላይ ወጥተን ወደ በርሊንግ ጋፕ መውረድ ስንጀምር ነፋሱ ደረታችንን ይዞ አልለቅም አለን፣ ቁልቁለት ላይ ሆነን ፔዳል እየረገጥን ነው የወረድነው፣ እሱ እንደውም አንዱ ጋ ወርዶ ሳይክሉን ገፋ። ሉዊስ ስንደርስ ሁለታችንም ማውራት አቅቶን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ ገልብጠን ነዳነው፣ ሌላ ሀገር ነው ሚመስለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ እዛ ጠረፍ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከሉዊስ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ 12 ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ስለሆኑ ትንሽ ፊታችሁን ይመታችኋል፣ ግን ያኔ ጉልበታችሁ ትኩስ ነው፣ መንገዱም ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኮረብታው ይከልላችኋል። ከዛ በኋላ ያሉት ትልልቆቹ ዳገቶች ላይ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋችኋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ሜት ኦፊስን (የአየር ትንበያውን) ክፈቱና የሲፎርድን ነፋስ እዩ፣ የሉዊስን ሳይሆን የሲፎርድን፣ ምክንያቱም ጠረፉ ላይ ሁሌም ይበረታል። ከደቡብ ምዕራብ ወይ ከምዕራብ ካለ እኔ እንደምለው ሂዱ፣ ከምሥራቅ ካለ (ፀደይ ላይ ያጋጥማል) ሙሉ መንገዱን ገልብጡና ከኢስትቦርን ጀምሩ። ድንገት ሚነሳው ነፋስ በሰዓት 35 ማይል ያልፋል ካለ እኔ አልሄድም፣ ቢቺ ሄድ ላይ አንድም ሚከልል ዛፍ የለም፣ ከጎን ሲመታችሁ ሳይክሉ ሜዳ ላይ እንኳ ይንገዳገዳል።

ወሩ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ቢሆን ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ሚነዱ አሉ፣ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልመክርም፣ ቀኑ አጭር ነው መንገዱም ጭቃ ይሆናል።

2. ሳይክሉ ላይ ምታዩት ነገር

ውድ ሳይክል አያስፈልግም፣ ሚያስፈልገው ቀላል ማርሽ ነው። ከፊት ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 32 ጥርስ ከሆነ ሁሉንም ዳገት ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ። ከኋላ 25 ወይ 28 ብቻ ካላችሁ መውጣት ይቻላል ግን ጉልበታችሁ ላይ ነው ሚወጣው። ከመሄዳችሁ በፊት ፍሬኑን በደንብ አስይዙ፣ ፍሬን ጫማው ካለቀ ቀይሩት፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዳገት በማዶው መታጠፊያ ያለው ቁልቁለት አለው።

ጎማ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ያ ነጭ ገደል ጠመኔ ነው፣ ጠመኔው ውስጥ ደግሞ ባልጩት በረድፍ በረድፍ ተቀብሯል። ዝናብ ሲዘንብ ስባሪው ከኮረብታው ታጥቦ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ ጎማ ርጥብ ሲሆን ደግሞ ባልጩት እንደ ምላጭ ነው ሚገባው። አንዴ አልፍሪስተን ሳልደርስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ፣ ፈትቼ ባየው ምንም የለም፣ አዲስ ካላማዳሪ ከተትኩ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ እንደገና ተነፈሰ። ከዛ ነው ጎማውን ገልብጬ በጨርቅ ከውስጥ ስጠርገው ጨርቁን አንድ ቦታ ላይ የያዘው፣ የግማሽ ምስር ፍሬ ምታክል ጥቁር ስባሪ፣ ከውጭ ጭራሽ አትታይም፣ በጥፍሬ ነው የነቀልኳት። ስለዚህ ጎማ ሲተነፍስ ዝም ብላችሁ ካላማዳሪ አትቀይሩ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ካላማዳሪውን ነፍታችሁ የት ጋ እንደሚተነፍስ ፈልጉ፣ ከዛ ቀዳዳውን ከቫልቩ ጋር አስተካክላችሁ ጎማው ላይ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ፣ ከዛ ያንን ቦታ ከውስጥም ከውጭም በጨርቅ ጥረጉ (በጣት አይደለም፣ ይቆርጣል)፣ ስባሪዋን አውጥታችሁ ነው አዲሱን ምትከቱት። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ ፓምፕና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ያዙ። ጎማው ራሱ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ23 በጣም ይሻላል፣ ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ብትነፉት እጃችሁም አይደነዝዝም።

መብራት ቀን ላይም አብሩ። ከጨለመ በኋላ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ ግዴታ ነው፣ ሕጉ ነው። ቀን ላይ ግዴታ አይደለም ግን ዛፍ የተጠላለፈበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ከፀሐይ ድንገት ጥላ ስትገቡ ከኋላ ሚመጣው ሹፌር ምንም አያያችሁም።

3. ምግብ

ሱቅ ውስጥ ለስፖርተኛ ሚሸጠው ኃይል ሰጪ ጄል ውድ ነው፣ ሆድም ይረብሻል። እኔ ከቤት በሶ ነው ምይዘው። አንዱ ውሃ መያዣ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ማር፣ ትንሽ ጨው አድርጉና በጥብጡት፣ ሌላው ላይ ውሃ ብቻ። በሶው ታች ስለሚዘቅጥ ከመጠጣታችሁ በፊት ሁሌ ነቅንቁት፣ ቤት ስትገቡ ደግሞ ያን ቀኑን እጠቡት፣ ካደረ ይቦካና ሽታው አይለቅም። ጭኮ ያላችሁ ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ፣ በአውራ ጣት ልክ ቆራርጣችሁ በፎይል ጠቅልላችሁ ጀርባ ኪስ ውስጥ፣ በየ40 ደቂቃው አንድ አንድ፣ ሳይርባችሁ። ከራባችሁ በኋላ ብትበሉ ዋጋ የለውም፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ አይደርስላችሁም።

4. ባቡሩ

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው። ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ሉዊስ አንድ ሰዓት ትንሽ ፈቅ ይላል። ሳይክል በነፃ ነው፣ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ7 እስከ 10 ለንደን ሚገቡ፣ ከሰዓት ከ4 እስከ 7 ከለንደን ሚወጡ ባቡሮች ላይ ሚታጠፍ ካልሆነ አይፈቀድም። ቅዳሜና እሁድ ችግር የለም፣ እኔ እሁድ ጠዋት ነው ምመርጠው ምክንያቱም መኪናውም ይቀንሳል። ሉዊስ ከለንደን ወደ ኢስትቦርን ሚሄደው መስመር ላይ ስለሆነች የኢስትቦርን ደርሶ መልስ ቆርጣችሁ መሀል ሉዊስ መውረድ ከሁለት ለየብቻ ትኬት ሊረክስ ይችላል፣ ትኬት መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ሦስት አራት ሆናችሁ ከሆነ ኔትወርክ ሬይልካርድ ሚባለው የባቡር ቅናሽ ካርድ ያለው አንድ ሰው ይኑር፣ እስከ አራት አዋቂ ድረስ ሲሶውን ይቀንሳል። ባቡሩ መንገድ ላይ ለሁለት ሚከፈልበት ጊዜም አለ፣ ስትሳፈሩ የቱ ፉርጎ ወደ ኢስትቦርን እንደሚሄድ ስሙ፣ ሳይክላችሁን አንዱ ጋ አቁማችሁ ራሳችሁ ሌላው ጋ እንዳትቀመጡ።

5. ከሉዊስ እስከ ሲፎርድ

ከጣቢያው ወጥታችሁ ሳውዝኦቨር ሚባለውን ሰፈር ይዛችሁ ወደ ኪንግስተን ውጡ፣ ኒውሄቨን ሚለውን ምልክት ነው ምትከተሉት። ይሄ ሲ7 ሚባል መንገድ ነው፣ በኡዝ ወንዝ ምዕራብ ዳር በሮድሜል፣ በሳውዝኢዝና በፒዲንግሁ አድርጎ ይወርዳል። ከፍ ዝቅ ይላል ግን ከባድ አይደለም፣ እግር ማሞቂያ ነው። ሥራ ቀን ላይ መኪና በፍጥነት ይሄድበታል፣ እሁድ ጠዋት ግን ሰላም ነው። ሳውዝኢዝ ጋ ትንሿን ቤተ ክርስቲያን እዩዋት፣ ግንቧ ክብ ነው፣ ሰሴክስ ውስጥ ክብ ግንብ ያላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም በዚሁ ወንዝ ዳር ናቸው፣ አንዷ ሉዊስ ሌላዋ ፒዲንግሁ።

መንገድ ሕጉን እዚህ ላይ ልናገር። በግራ ነው ሚነዳው፣ ይሄን ታውቃላችሁ፣ ግን ጠባብ መንገድ ላይ አጥሩ ውስጥ ተለጥፋችሁ አትንዱ። ከአጥሩ ራቅ በሉ፣ መኪናው ሊያልፋችሁ ሲል አስቦ እንዲያልፍ፣ መታጠፊያ ላይም ቀድሞ እንዲያያችሁ። 2022 ላይ የተሻሻለው ሀይዌይ ኮድ ሹፌር ሳይክል ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲተው ይላል፣ ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን መንዳትም ይፈቀዳል። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ካያችሁ መኪናው በሰዓት 60 ማይል እንዲሄድ ተፈቅዶለታል ማለት ነው፣ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም። ፈረስ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ (ብዙ ነው ሚያጋጥማችሁ) ቀስ በሉ፣ ከሩቅ ድምፃችሁን አሰሙ፣ በቀኝ ራቅ ብላችሁ እለፉ፣ የሳይክል ድምፅ ከኋላ ድንገት ሲመጣበት ፈረስ ይደነብራል።

ኒውሄቨን ከተማ ናት፣ ወደ ፈረንሳይ ዲዬፕ ሚሄደው መርከብ ከዚህ ነው ሚነሳው። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ለመርከብ ስለሚዞር አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ ታግሳችሁ ጠብቁ። ከድልድዩ በኋላ ዋናውን ኤ259 ትታችሁ የናሽናል ሳይክል ኔትወርክ ቁጥር 2 ሚለውን ሰማያዊ ምልክት ያዙ፣ ከመኪናው ለይቶ ሲፎርድ ያደርሳችኋል። ሲፎርድ ባህር ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ ብሉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ሱቅ ሚባል ነገር ከዚህ በኋላ አልፍሪስተን እስክትደርሱ የለም።

6. ሃይ ኤንድ ኦቨር

ከሲፎርድ ወደ አልፍሪስተን ሚለውን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ውጡ። ሃይ ኤንድ ኦቨር ሚባለው ዳገት ይሄ ነው፣ መጀመሪያ በቤቶች መሀል ነው፣ ዳገት መሆኑም አይታወቅም፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው እዚህ ጋ በከባድ ማርሽ ጉልበቱን ሚጨርሰው። ገና ቤቶቹ መሀል እያላችሁ ማርሹን አቅልሉ። ጫፉ ላይ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ውረዱና እዩ፣ ካክሚር ወንዝ ሸለቆው ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ባህር ሲሄድ ከላይ ይታያል። በነፋስ ተገፍታችሁ ስለወጣችሁ ላባችሁ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከመውረዳችሁ በፊት ጃኬታችሁን ልበሱ።

ቁልቁለቱ በጣም ያዘቀዝቃል፣ መታጠፊያም አለው፣ ፍሬን መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው ሚያዘው፣ ሁለቱንም እኩል። አልፍሪስተን ስትገቡ ዋናው መንገድ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት መኪና አያሳልፍም፣ ተራ ጠብቁ። እዛ ክሌርጂ ሃውስ ሚባል የሣር ክዳን ያለው አሮጌ ቤት አለ፣ ናሽናል ትረስት ሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ነው፣ 1896 ላይ በ10 ፓውንድ።

ከመንደሩ በሰሜን ወጥታችሁ ድልድዩን ተሻገሩና ሊትሊንግተን ሚለውን ተከተሉ። ካርታ ላይ ለምን ይሄን ያህል ዞራችሁ ከሲፎርድ በቀጥታ በኤ259 አልሄዳችሁም ምትሉ ትኖራላችሁ፣ ቀጥታው ያጥራል ግን መኪናው ብዙ ነው፣ ካክሚር ወንዝ ላይ ያለው ኤክሲት ድልድይ ጋም ይጠብባል። በሊትሊንግተን ያለው መንገድ ግን ጥላ ነው፣ ወፍ ነው ሚሰማው። በቀኛችሁ ማዶ ኮረብታው ላይ ሣሩ ተፍቆ የተሠራ ነጭ ፈረስ ታያላችሁ፣ 1924 የተሠራ ነው፣ ቅድም የቆማችሁበት ኮረብታ ጎን ላይ ነው ያለው፣ ከላይ ሆናችሁ ግን አይታይም።

7. ኤ259፣ ጥንቃቄ ሚፈልገው ክፍል

ኤክሲት ላይ ከዋናው መንገድ ጋር ትገናኛላችሁ፣ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ወደ ፍሪስተን ሚወጣው ዳገት ይጀምራል። ከባህር ወለል አጠገብ ተነስቶ ወደ 110 ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል፣ መኪናም አውቶቡስም አለ። እዚህ ላይ መሽቀዳደም የለም። ትንፋሻችሁን ሳትቆርጡ ዐረፍተ ነገር መናገር በምትችሉበት ፍጥነት ውጡ፣ ካልቻላችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ ማርሽ ካለቀ ውረዱና ዳሩን ይዛችሁ ግፉ፣ ምንም አይደለም። ብዙ ሰው ከኋላ መኪና ሲከማች ይጨነቅና ይጣደፋል፣ እናንተ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ አትወላውሉ፣ ሰፊ ቦታ ሲገኝ ያልፏችኋል።

ከፍሪስተን ወደ ኢስት ዲን ቁልቁለቱ ፈጣን ነው፣ እታች ግን ወደ በርሊንግ ጋፕ ለመሄድ ወደ ቀኝ መታጠፍ አለባችሁ፣ ማለትም ከፊት ሚመጣውን መኪና ማቋረጥ። ገና ከላይ ጀምራችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ወደ ኋላ እዩ፣ ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ። ድፍረቱ ከሌላችሁ በግራ ዳር ቁሙና መንገዱ ሲጸዳ በእግር ተሻገሩ። የአክስቴ ልጅ እስካሁን እንደዛ ነው ሚሻገረው፣ ትክክል ነው።

8. በርሊንግ ጋፕና ቢቺ ሄድ

ከኢስት ዲን እስከ በርሊንግ ጋፕ ትንሽ ነው። ሴቨን ሲስተርስ ሚባሉትን ነጭ ገደሎች ከጎን ምታዩት እዚህ ነው፣ ካፌም መጸዳጃም አለ፣ ወደ ባህሩ ሚወርድ የብረት ደረጃም አለ። ለራሳችሁ ከገደሉ ጫፍ ራቁ፣ ጠመኔው ከሥሩ በማዕበል ስለሚበላ ጫፉ ባዶ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ሣር ብቻ ነው ሚታየው። እዛው አጠገብ ዳገቱ ላይ ያለው ቤል ቱት ሚባለው የድሮ መብራት ቤት ገደሉ እየተናደ ስለደረሰበት 1999 ላይ ሙሉ ሕንፃው ተነሥቶ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተወስዷል። አጠገቡ ስታልፉ ባህሩ ምን ያህል እንደሚበላ በዓይናችሁ ትረዱታላችሁ።

ዳገቱ ቤል ቱትን አልፎ ትንሽ ይወርድና እንደገና ይነሳል፣ ቢቺ ሄድ ጫፍ 162 ሜትር ነው፣ ብሪታኒያ ውስጥ ካሉ የጠመኔ የባህር ገደሎች ሁሉ ረጅሙ። የጉዞው የመጨረሻ ዳገት ነው፣ ያቆያችኋትን ጭኮ ሥሩ ላይ ብሏት። ነፋሱ በደቡብ ምዕራብ ከሆነ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን ምትሰበስቡት፣ ሣሩ በሙሉ እናንተ ወደምትሄዱበት ሲተኛ ታያላችሁ፣ ጆሯችሁ ላይ ግን ምንም ድምፅ የለም ምክንያቱም ነፋሱና እናንተ አብራችሁ ነው ምትሄዱት። እኔ ያን ፀጥታ ለማግኘት ነው ሁሌ ምመለሰው። ከታች ባህሩ ውስጥ ቀይና ነጭ የተቀባው መብራት ቤት አለ፣ ከ1902 ጀምሮ እዛው ነው።

ወደ ኢስትቦርን ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ እግራችሁ ደክሟል ትኩረታችሁም ቀንሷል። ጃኬት ልበሱ፣ እጃችሁ ፍሬን ላይ ይሁን፣ ቤቶች እስኪጀምሩ ፎቶ ሚባል ነገር የለም። ባህር ዳሩ ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ሁሉም ቦታ ለሳይክል አይፈቀድም፣ ምልክቱን እያያችሁ ሂዱ።

ቤት ስትደርሱ ካቴናውን ያን ማታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ዘይት አድርጉለት፣ የባህር ጨው አድሮ ያዝገዋል።

9. ይሄን ከለመዳችሁት

ሌላ ቀን ደግሞ ከሉዊስ ወደ ምዕራብ፣ በኦፍሃም፣ በፕላምፕተንና በዌስትሜስተን አድርጋችሁ ዲችሊንግ ቢከንን ሞክሩ። 248 ሜትር ነው፣ ከኢስት ሰሴክስ ከፍተኛው ቦታ፣ 1994 ላይ ቱር ደ ፍራንስ ከዶቨር ወደ ብራይተን ሲነዳ በዚህ አልፏል። ዳገቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ግን ከ15 ፐርሰንት ሚያልፍ ቦታ አለው፣ ዛፎቹ መሀል ስለሆነ ጫፉ አይታይም፣ እሱ ነው ሰውን ተስፋ ሚያስቆርጠው። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በጣም ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ መሀል ላይ ትንሽ ረገብ ሲል አትፍጠኑ፣ ትንፋሽ ሰብስቡበት፣ ዛፉ አልቆ ሰማይ ሲታይ ትንሽ ነው የቀራችሁ። ጁን ላይ ከለንደን ብራይተን 54 ማይል ሚነዳበት የበጎ አድራጎት ቀን አለ፣ ያን ቀን ባቡሩ በዛ መስመር ሳይክል ስለማይጭን ሌላ ቀን ምረጡ። ከጫፉ እስከ ብራይተን ጣቢያ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።